የሦስተኛው ቀን ደም

በዚያ ሆስፒታል የእሷን ስም የሚያውቀው የሠራተኛ አስተዳደር ቢሮው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ለሌላው ሁሉ «ሲስተር ፎርም» ናት። ስሙን ያወጡላት የጽዳት ሠራተኞቹ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት አንዷ ወገቧን ይዛ ስታቃስት አገኘቻትና ገና «አይዞሽ» ሳትላት «ከዜሮ እስከ አስር ብትሰጪው ሕመሙ ስንት ይሆናል?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋም «ከነጥያቄሽ አስራ አንድ» አለቻት። ከዚያ ወዲያ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። እሷም አልከፋትም፤ ሰው በሥራው ከተጠራ ሥራውን በደንብ ይሠራል ማለት ነው ብላ በልቧ ትኮራ ነበር።

አስራ ሁለት ዓመት በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆና ሠርታለች። ዶክተሩ ጥናቱን ሲጀምር «ጥንቁቅ ሰው ስጡኝ» አለ፤ እሷን ሰጡት። የዶክተሩ ጥያቄ ለመናገር ቀላል ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች መድኃኒቱ ዕድሜ ሰጥቷቸው ፀጉራቸው ሸብቷል፣ የልጅ ልጅ አይተዋል። እንደማንኛውም ሰው የሐሞት ጠጠር ይይዛቸዋል፣ ዳሌያቸው ይሰበራል፣ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል። ታዲያ በዚያ ሰሞን ልባቸው እንዴት ይሆናል? ቫይረሱ ከሌለባቸው ሰዎች ይልቅ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? ይህን ለማወቅ ከሁለቱም ወገን እኩል ሰው ተመረጠ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በአንደኛው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደማቸው ይወሰዳል።

በዚህ ጊዜ የሚመጣ የልብ ጉዳት ተንኮለኛ ነው። ለቁስሉ የሚሰጠው ማስታገሻ የደረቱንም ሕመም ስለሚያፍነው፣ ሰውየው ከጠያቂዎቹ ጋር እየሳቀ ልቡ ሊጎዳ ይችላል። የሚያሳብቀው ደሙ ብቻ ነው። የልብ ጉዳትን የሚያሳየው የደሙ ቁጥር ከፍ ካለ የዚያኑ ዕለት ለክፍሉ ሐኪም ይነገራል፣ በሽተኛው መውጣቱ ይቀራል፣ ሕክምና ይጀመርለታል። እንግዲህ ደሙ የሚወሰደው ለጥናት ወረቀት ብቻ አልነበረም። ይህን ለበሽተኞቹ ሁሉ ታስረዳ የነበረችው ራሷ ሲስተር ፎርም ናት፤ አላወቅኩም ነበር ማለት አትችልም።

ቅጹ የሚሞላው በታብሌት ነው። ታብሌቱ ደግሞ ባዶ ሣጥን አይወድም፤ አንዱን ከዘለሉት ቀይ ሆኖ አላላውስ ይላል። ደም ካልተወሰደ ምክንያቱ በቁጥር ይመረጣል። አንድ፣ ናሙናው ተበላሽቷል። ሁለት፣ ታካሚው ከሆስፒታል ወጥቷል። ሦስት፣ ታካሚው ፈቃደኛ አልሆነም። አራት፣ በሠራተኛ ምክንያት። አራትን የመረጠ ሰው ጉዱ ፈላ፤ ሌላ ገጽ ይከፈትበታል፣ ማብራሪያ ይጽፋል፣ ይፈርማል፣ ለዶክተሩ ይላክበታል። ሦስትን የመረጠ ግን ማንም ምንም አይጠይቀውም። እምቢ ያለን ሰው ማን ምን ያደርገዋል? ሣጥኑ አረንጓዴ ይሆንና ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሲስተር ፎርም ሦስትን ለመጀመሪያ ጊዜ የነካችው በጥናቱ ሁለተኛ ዓመት ነው። ያኔ ጉንፋን ጥሏት አንድ ቀን ቀርታ ነበር። ሁለተኛው ጊዜ ልጇን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ስትጣደፍ ነው። የቀሩትን ምክንያቶች ራሷም ረስታቸዋለች፤ በኋላ ከሁሉም በላይ ያሳፈራት ይህ መርሳቷ ነበር። ብቻ ስድስት ሰዎች እምቢ ሳይሉ እምቢ አሉ ተብሎ ተጻፈባቸው። ስድስቱም በሰላም ቤታቸው ገቡ፣ እሷም ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

ሰባተኛው ጋሼ ቧንቧ ናቸው።

ሥራቸው ቧንቧ መዘርጋትና መጠገን ነበር። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ጨዋታ የሚወዱ፣ ዝም ብሎ መተኛት የማይሆንላቸው ሰው። የሐሞት ጠጠር ወጥቶላቸው በተኙበት ክፍል ውስጥ አንድ የእጅ መታጠቢያ ነበር፤ ቧንቧው ወር ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ጋሼ በሁለተኛው ቀን አንድ እጃቸውን ስፌታቸው ላይ አድርገው፣ በሌላው የማንኪያ እጀታ ይዘው ሲያጠብቁት የክፍሉ ነርስ ደረሰች።

«አባቴ! ስፌቱ ቢፈታስ?» ብላ ጮኸች።

«ስፌቱ ቢፈታ የሰፋው ዶክተር አለ» አሉ ዞር እንኳ ሳይሉ። «ይሄን ግን ከኔ በቀር ማን አለው?»

ቫይረሱ በደማቸው ካለ አስራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሚስታቸውም ልጃቸውም ያውቃሉ። መድኃኒታቸውን ከማታው የሁለት ሰዓት ዜና ጋር ይውጣሉ፤ ዜናው ቢያመልጣቸው እንጂ ክኒኑ አምልጧቸው አያውቅም። ሲስተር ፎርም የፈቃድ ወረቀቷን ይዛ በመጣች ጊዜ ገና አንብባ ሳትጨርስ እጃቸውን ዘረጉላት። «አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትቀዱኝ ኖራችሁ፣ ዛሬ ምን ተገኘና ትጠይቂኛለሽ? ለሌላው የሚጠቅም ከሆነ ውሰጂ» አሏት። መርፌ የማይወዱት ሚስታቸው ነበሩ። ሊጠይቁ በመጡ ቁጥር ብልቃጦቹን ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። «ጨረሱህ እኮ! በቃ በላቸው እንጂ፣ ምን የተረፈ ደም አለህ?» ይላሉ። ጋሼ ደግሞ «ተያት፣ ሥራዋን ትሥራ» እያሉ ለሲስተር ፎርም ይጠቅሷታል።

ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ። ጠዋት ስትሄድ ጋሼን ቁስል ወደሚታጠብበት ክፍል እየወሰዷቸው ነበርና ኮሪደር ላይ ተገናኙ። «ጋሼ፣ ከሰዓት መጥቼ እወስዳለሁ» አለቻቸው። «የትም አልሄድ፣ ነይ» አሉ እየሳቁ።

ሰኞ ግን የጥናቱ ደጋፊዎች ሊጎበኙ ይመጣሉ፤ የቡድኑም ፎቶ ይነሣል። ሲስተር ፎርም ፀጉር ቤት ቀጠሮ የነበራት ለእሑድ ነው። ልክ በምሳ ሰዓት ፀጉር ሠሪዋ ደወለችና «እሑድ አይመቸኝም፣ አሁን ከመጣሽ ቦታ አለኝ» አለቻት። ቶሎ ጨርሼ እመለሳለሁ ብላ ሄደች። ከእሷ በፊት ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ነበር። ቆየች። ማድረቂያው ስር ሆና ሰዓቷን ስታይ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፤ ላቦራቶሪው ቅዳሜ ናሙና የሚቀበለው እስከ አስር ሰዓት ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ብትሮጥ ትደርስ ነበር። አልሮጠችም። የሁለቱ ቀን ደማቸው ንጹሕ ነው፣ ሦስተኛው ምን ያመጣል? ብላ ራሷን አሳመነች፤ ራስን ማሳመንን የሚያክል ደግሞ ቀላል ሥራ የለም። እሑድ ጠዋት ጋሼ ወደ ቤታቸው ወጡ። እሷ ከሰዓት ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ ታብሌቱን ከፈተችና ሦስትን ነካች። ሰኞ ፎቶው ተነሣ፤ ፀጉሯም እውነት ለመናገር አምሮባት ነበር።

በጥናቱ ደንብ በሠላሳኛው ቀን ለእያንዳንዱ ታካሚ ቤት ይደወላል። ስልኩን ያነሡት ሚስታቸው ነበሩ።

«ጤና ይስጥልኝ እናቴ፣ ከልብ ጥናቱ ነው፣ ሲስተር ነኝ። ጋሼ እንዴት ናቸው?»

 «አልሰማችሁም እንዴ ልጄ? ከወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ፣ በዚያው ቀረ። ልቡ ነው አሉን።»

 «እግዜር ያጥናዎት» አለች ሲስተር ፎርም፤ ከዚያም አፏ ልማዱን አልተወምና «ስንት ሰዓት ላይ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ሰዓቱን ነገሯት። ሣጥኑ ውስጥ ጻፈችው። ሣጥኑ አረንጓዴ ሆነ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሽንት ቤት ገብታ በሩን ቆለፈችና አፏን በመዳፏ አፍና አለቀሰች። ገደልኳቸው፣ ገደልኳቸው የሚል ነገር ብቻ ነበር በጭንቅላቷ ውስጥ የሚመላለሰው።

በሳምንቱ ዶክተሩ ቤተሰቡን ቢሮው ጠራ። እናትና ልጅ መጡ፤ ልጅቱ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፣ ቁርጥ አባቷን። ሲስተር ፎርም ታብሌቷን አቅፋ መደርደሪያው አጠገብ ቆማለች። ዶክተሩ መዝገቡን አገላብጦ «የሁለቱ ቀን ውጤት ደህና ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ደም ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም ይላል» አለ።

«ማን? አባዬ?» አለች ልጅቱ። «አባዬ እምቢ አለ?»

«ሰው ይሰለቻል። መርፌ ሲበዛ ይሰለቻል» አለ ዶክተሩ።

«ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ይታወቅ ነበር?»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «ምናልባት። ታይቶ ቢሆን አናስወጣቸውም ነበር። ይተርፉ ነበር ብዬ ግን ልምልልሽ አልችልም።»

ይህን ጊዜ ሚስትየዋ በቀስታ «እኔ ነኝ» አሉ። «በቃህ፣ ደምህን ጨረሱት፣ እምቢ በላቸው ስለው የነበርኩት እኔ ነኝ። ሰማኝ ማለት ነው።»

ልጅቱ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ምን ነክቶሽ ነው እንዲያ ያልሽው?» አለች። «ሰላሳ ዓመት ያልሰማሽ ሰውዬ በዚያ ቀን ይስማሽ?» ቦርሳዋን አንጠልጥላ እናቷን ትታ ወጣች።

ሲስተር ፎርም አፏን ከፍታ የምትናገርበት ጊዜ ቢኖር ያ ነበር። ሦስት ቃል ይበቃት ነበር። ግን ሥራዋ ታያት፣ የዶክተሩ ፊት ታያት፣ ልጇ ታየቻት። እናም ያደረገችው ምን ነበር? ለአሮጊቷ ውሃ ቀድታ ሰጠቻቸው። እሳቸው ብርጭቆውን ሲቀበሉ «ተባረኪ» አሏት። በኋላ ራሷን ስትጠላ የምትጠላው በዚያ ብርጭቆ ነው።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆና ዋለች፣ እንዲህ ሆና አደረች። ምግብ አልበላ አላት። የሰኞው ፎቶ ታትሞ ኮሪደሩ ላይ ካለው ሰሌዳ ተለጥፎ ነበር፤ በቀን አሥር ጊዜ በዚያ ታልፋለች፣ አሥር ጊዜም ዓይኗን ትሰብራለች። ቀጠሮ ላይ አምስት ደቂቃ ቀድማ መድረስ ጀመረች፣ ደም ወስዳ ራሷ ላቦራቶሪ ታደርሳለች፣ ቅዳሜም እሑድም ትመጣለች። የጽዳት ሠራተኞቹ «ሲስተር ፎርም ሹመት ፈልጋ ነው» ብለው ሳቁባት። ከሹመቱ ይልቅ አንድ ሰው አንገቷን ይዞ ቢጠይቃት በወደደች ነበር። ማንም አልጠየቃትም።

በአራተኛው ሳምንት ዶክተሩ ቡድኑን ሰብስቦ የመጀመሪያውን ውጤት በግድግዳው ላይ አሳየ። መሐል ላይ ሲደርስ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ቆመ። «ይህን እዩልኝ» አለ። «በሦስተኛው ቀን እምቢ ያሉት ስምንት ሰዎች ናቸው። ከስምንቱ ስድስቱ ቫይረሱ ያለባቸው ናቸው። ሰዎቹ በደም ምርመራ ተሰላችተዋል፤ ይህ ራሱን የቻለ ግኝት ነው፣ አንድ አንቀጽ እንጽፍበታለን። በሚቀጥለው ጥናት ለእነሱ የሦስተኛውን ቀን ደም ብንተወውስ?»

ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲስተር ፎርም ሠንጠረዡን ታየዋለች። ከስምንቱ ሰባቱ የእሷ ናቸው። የእሷ ጉንፋን፣ የእሷ ጥድፊያ፣ የእሷ ፀጉር ቤት ተደምረው፣ ተካፍለው፣ ስለ ሌሎች ሰዎች ጠባይ የተገኘ እውቀት ሆነዋል። በዚህ እውቀት ላይ ተመሥርቶ ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ሦስተኛው ቀን ሳይታይ ይወጣል።  ሁሉም ሲወጡ እሷ ቀረች።

«ዶክተር፣ ሰዎቹ እምቢ አላሉም» አለች። «እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ስትነግረው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «ሰባቱም?»

«ሰባቱም።»

«ቧንቧ ሠራተኛውም?»

«እሳቸውም።»

 ዶክተሩ አልጮኸባትም፤ ቢጮኽ ይቀላት ነበር። እጁን ዘርግቶ ታብሌቱን ተቀበላት። «ከዛሬ ጀምሮ ጥናቱ ውስጥ የለሽም» አለ። «ጉዳዩ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ይቀርባል። ሠንጠረዡን እጥላለሁ። ለቤተሰቡም ኮሚቴው ካየው በኋላ ደብዳቤ እንጽፋለን።»

«ኮሚቴው መቼ ያየዋል?»

«በሁለት ወር፣ በሦስት ወር። እስከዚያ አንቺ ምንም እንዳትናገሪ።»

ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። እኚያ ሴትዮ ባሌን በምላሴ ገደልኩ እያሉ ሦስት ወር ይቀመጡ? ሲስተር ፎርም ጋውኗን አውልቃ ወንበር ላይ አኖረችና አድራሻቸውን ከመዝገብ ሳይሆን ከራሷ ጭንቅላት አወጣችው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታስበው ቆይታ በቃሏ ይዛዋለች። በሁለት አውቶቡስ ሄደች።

በሩን የከፈቱላት ሚስትየዋ ናቸው። ከስተዋል፤ ቀሚሱ ከትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። «ውይ ሲስተር! ግቢ ልጄ፣ ግቢ» አሉ፤ ደስ ብሏቸው እጇን ይዘው አስገቧት። «ያን ቀን ሁሉም ሲተወኝ ውሃ የሰጠሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ እንዲያው ሳልመርቅሽ አድሬ አላውቅም።»

ሲስተር ፎርም መሬቱ ተከፍቶ በዋጠኝ ብላ ተመኘች። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ግን ጸጥ ያለ፣ ሁለት ሰው የሚኖርበት የማይመስል። ጠረጴዛው ላይ በሳህን የተከደነ ምግብ አለ። ሚስትየዋ ስታየው አይተው «ልጄ ናት፤ ሠርታ ታስቀምጥልኛለች፣ ክፍሏ ትገባለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰላምታ በቀር አታናግረኝም። አልፈርድባትም» አሉ።

«እናቴ፣ ይቀመጡ» አለቻቸው። ራሷ ግን ቆማ ቀረች። «ጋሼ እምቢ አላሉም። ደማቸውን ልወስድ ቀጠሮ ይዤ ነበር፤ ሳልመጣ ቀረሁ። ከዚያ እምቢ ብለዋል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ያሉት ነገር ምንም የሠራው የለም።»

ሚስትየዋ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዩዋት። 

«ቅዳሜ ከሰዓት ልሄድ ስነሣ እጅጌውን እስከ ክንዱ ድረስ ጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር» አሉ። «ብርድ ይመታሃል፣ አውርደው አልኩት። ‹ተይ፣ አሁን ትመጣለች› አለኝ። ትቼው ሄድኩ። በኋላ ዶክተሩ እምቢ ብለዋል ሲል፣ እኔ ከወጣሁ በኋላ ነገሬን አስቦ እጅጌውን አወረደው አልኩ። በቀን በቀን የሚታየኝ እሱ ነው፤ እጅጌውን ሲያወርድ።» ወደ እሷ ጠጋ አሉ። «አላወረደውም ማለት ነው?»

«አላወረዱትም፣ እናቴ።»

«እንደጠቀለለ መሸበት።»

«አዎ» አለች ሲስተር ፎርም።

«የት ነበርሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር፤ ሌላ በሽተኛ ጠናብኝ ብትል ማን ያውቃል? «ፀጉር ቤት» አለች።

ሚስትየዋ ቀና ብለው ፀጉሯን አዩት። ያስወጡኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢያስወጧትም፣ ቢሰድቧትም፣ በጥፊ ቢሏትም ልትቀበል ነበር። እሳቸው ግን ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡና የልጃቸውን በር አንኳኩ። ልጅቱ የተማሪ ደብተር በእጇ እንደያዘች ብቅ አለች፤ እንግዳዋን ስታይ ግራ ገባት።

«ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ» አሉ እናቷ። ከዚያ ወደ ሲስተር ፎርም ዞሩ። ፊታቸው ላይ ምሕረት አልነበረም። «ለኔ ያልሽውን ለሷ ንገሪያት። አንድም ሳታስቀሪ፣ የት እንደነበርሽም ጭምር።»

ልጅቱ ተቀመጠች። ዓይኖቿ የጋሼ ዓይኖች ነበሩ። ሲስተር ፎርም ወደ እሷ ዞረች።

«አባትሽ እምቢ አላሉም» አለች። «እጅጌያቸውን ጠቅልለው ሲጠብቁኝ ነበር። የቀረሁት እኔ ነኝ።»